የሲልቨራዶ ፒክአፕን ሰስፔንሽን ፊቱን በ2፣ ኋላውን በ4 ኢንች ዝቅ ማድረግ፦ የትኛው መንገድ ይሻላል?

የጋርላንድ_ልጅ — ጋርላንድ፣ ቴክሳስ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ወገኖች። እ.ኤ.አ. የ2005 ሞዴል ሸቭሮሌት ሲልቨራዶ 1500 አለኝ፤ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድ፣ ኤክስቴንድድ ካብ የሚባለው ዓይነት ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ኋላው ከፊቱ ከፍ ያለ ነው፤ ይህም ከባድ ጭነት ሲጫንበት ቀጥ እንዲል ታስቦ እንደሆነ አውቃለሁ። የእኔ ሥራ ግን ቀለም ቅብ ስለሆነ የምጭነው መሰላል፣ የቀለም ባልዲና የመርጫ ማሽን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከጎን ሆኜ ወደ ውስጥ እየተንጠራራሁ ዕቃ ሳወጣና ሳስገባ ወገቤን እያመመኝ ተቸግሬአለሁ። ከዚህም በላይ መሬት የያዘ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ፒክአፕ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ነገር ነው፤ በጥንቃቄ የተሠራ አሮጌ ሸቭሮሌት በመንገድ ሲያልፍ ዞር ብዬ ሳላይ አላልፍም።

ፊቱን በ2 ኢንች፣ ኋላውን በ4 ኢንች፣ ማለትም በግምት በ5 እና በ10 ሴንቲሜትር ለማውረድ አስቤአለሁ። ያነጋገርኳቸው ሁለት ጋራዦች የሰጡኝ ምክር እርስ በርሱ ይጋጫል። አንደኛው ለፊቱ አጭር ሞላ ይበቃል ሲል ሌላው ጎማው የሚሰካበት አካል፣ ማለትም ስፒንድል ካልተቀየረ ሥራውን አልነካም ይላል፤ ለኋላው ደግሞ አንደኛው ባሌስትራውን (የተደራረበውን የብረት ሞላ) ሳይነካ የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘውን አክስል ከባሌስትራው በላይ ለማስቀመጥ፣ ሌላው ባሌስትራውን ከመኪናው ጋር የሚይዙትን ሻክልና ሃንገር ለመቀየር ሐሳብ አቅርቦልኛል። አልፎ አልፎ ትንሽ ተጎታች ስለምስብ ይህን አቅም ማጣት አልፈልግም። በሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መካኒክ_አሌክሳንድሪያ — አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለአንተ ይሁን፣ ወንድሜ። ስለ ኢንቹ ከመነጋገራችን በፊት ዝቅታው ከየት እንደሚመጣ እንወስን፤ ምክንያቱም ከውጭ ለሚያይ ሰው አንድ ዓይነት ቁመት የሚሰጡ ሁለት መንገዶች መኪናውን ፈጽሞ የተለያየ ጠባይ ያስይዙታል። ከፊቱ እጀምራለሁ።

የአንተ መኪና ፊት በየጎኑ ላይኛና ታችኛ ኮንትሮል አርም (ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዝ ክንድ)፣ በመካከላቸውም ሞላ አለው። አጭር ሞላ ስታስገባ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ወደ ታች ይወርዳል፤ ኮንትሮል አርሞቹ ግን ከጎማው ጋር ስለተያያዙ ባሉበት ይቀሩና ጫፋቸው ወደ ላይ ያዘነብላል። በዚህ ጊዜ ኮንትሮል አርሙ ከላስቲክ መቆሚያው፣ ማለትም ከበምፕ ስቶፑ ጋር ያለው ክፍተት በዝቅታው ልክ ይጠብባል። ለምሳሌ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ወደ ላይ ለመውጣት 8 ሴንቲሜትር ቦታ ቢኖረውና አንተ በሞላ 5 ሴንቲሜትር ብታወርደው የሚቀርህ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ዝቅ ማድረጊያ ሞላዎች ከፋብሪካው የበለጠ ጠንካራ ሆነው የሚሠሩትም ለዚሁ ነው፤ ቦታው ስላነሰ ሞላው ቶሎ መቋቋም አለበት። ስለዚህ መኪናው ይደርቃል፣ መቆሚያውም ማጠር አለበት፣ የሞላውን ንዝረት የሚያረጋጋው ሾክም ለአዲሱ ርዝመት የሚስማማ መሆን ይኖርበታል።

ስፒንድል ግን ሌላ መንገድ ነው። ዝቅ ማድረጊያ ስፒንድል ማለት የጎማው ማዕከል የሚሰካበት ዘንግ ከፋብሪካው 2 ኢንች ወደ ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ አካል ነው። ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ መኪናው በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ሞላው፣ ሾኩና ኮንትሮል አርሞቹ ግን ከፋብሪካ እንደወጡ በነበሩበት አቀማመጥ ይቀራሉ። የጎማው የመንቀሳቀሻ ቦታም አይቀነስም። ባለቤቱ ሲነዳው ልዩነቱ የሚታወቀው በዓይን እንጂ በመቀመጫው አይደለም።

ብዙ ሰው የማያነሣው አንድ ነጥብ ልጨምር። ዝቅ ያለ መኪና ሁሉ በመታጠፊያ ላይ ይሻላል ተብሎ ይታመናል፤ የክብደቱ ማዕከል ስለወረደ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን መኪናው በሚታጠፍበት ጊዜ የሚያዘነብልበት ነጥብ የሚወሰነው በኮንትሮል አርሞቹ ማዕዘን ነው። በሞላ ብዙ ስታወርድ አርሞቹ ያዘነብሉና ይህ ነጥብ ከክብደቱ ማዕከል በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስለሚረዝምም መኪናው ዝቅ ብሎ ሳለ የማዘንበል ዝንባሌው ይጨምራል። ጠንካራ ሞላ ይህን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ስፒንድል አርሞቹን ስለማይነካ ይህ ጣጣ የለበትም። ስለዚህ ስፒንድል ካልተቀየረ አልነካም ያለህን ጋራዥ አከብረዋለሁ።

የምጠይቅህ ጥንቃቄ ሁለት ነው። ስፒንድል ጎማውንና መሪውን የሚሸከም አካል ስለሆነ ሠሪው የማይታወቅ፣ ዋጋው ብቻ የሚያጓጓ ዕቃ ገዝተህ እንዳትሰካ። ቸርኬህንም ይዘህ ሄደህ ክፍተቱ ይለካልህ፤ ዘንጉ ወደ ላይ ስለሚነሣ የታችኛው መጋጠሚያ ኳስና የመሪው ዘንግ ጫፍ ወደ ቸርኬው ውስጠኛ ጠርዝ ይጠጋሉና ትንሽ ቸርኬ ሊነካካ ይችላል።

ናቲ_አትላንታ — አትላንታ፣ ጆርጂያ

ጥያቄ አለኝ። የምሠራበት አካባቢ ያሉ ልጆች ገንዘብ ላለማውጣት የፋብሪካውን ሞላ አንድ ዙር ይቆርጡታል፤ አንዳንዶቹም በእሳት አሙቀው እንዲረግብ ያደርጋሉ። መኪናዎቹ ሲሄዱ አያለሁ። ይህ በእርግጥ ያን ያህል አደገኛ ነው?

መካኒክ_አሌክሳንድሪያ — አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሁለቱን ነገሮች ለይቼ ልመልስልህ። ሞላን በእሳት ማሞቅ በምንም ዓይነት ሁኔታ መደረግ የለበትም። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ውስጥ በተመጠነ ሙቀትና ማቀዝቀዣ ነው፤ በችቦ ሲሞቅ ያ ጥንካሬ በሞቀበት ቦታ ይጠፋል፣ ሞላውም ከዚያ በኋላ መርገቡን አያቆምም፣ ወይም አንድ ቀን መንገድ ላይ ይሰበራል። ዛሬ መሄዱ ነገ ለመሄዱ ዋስትና አይሆንም።

መቁረጥ ከዚህ የተሻለ ቢሆንም የራሱ ሕግ አለው። የሞላ ጥንካሬ ከሚሠሩት ዙሮች ቁጥር ጋር በተቃራኒ ይሄዳል፤ 8 የሚሠሩ ዙሮች ካሉት ሞላ ላይ አንዱ ቢቆረጥ 8 ለ7 ሲካፈል እንደሚያሳየው ጥንካሬው በ14 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጫፉ ተጠቅልሎ የጠበበ ወይም ለመቀመጫው ሲባል የተደፈጠጠ ሞላ ግን ከዚያ ጫፍ በኩል ከተቆረጠ መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም። የሚቆረጥ ሞላ ካለም በመቁረጫ ዲስክ እንጂ በእሳት አይቆረጥም። በእኔ እምነት የሰው ሕይወት የሚሸከም መኪና ላይ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ዕቃ እያለ ወደዚህ የሚያስኬድ ምክንያት የለም።

በያጅ_አውሮራ — አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ስለ ኋላው እኔ ልናገር፤ ሻንሲ መቁረጥና መበየድ የዕለት ሥራዬ ነው።

በዚህ ሲልቨራዶ ላይ ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ነው የተቀመጠው። ፍሊፕ የሚባለው ሥራ ይህን ይገለብጠዋል፤ አክስሉ ወደ ላይ ይወጣና ባሌስትራው ከሥሩ ይሆናል። መኪናው የሚወርደውም በአክስሉ ቱቦ ውፍረትና በባሌስትራው ክምር ውፍረት ድምር ልክ ገደማ ስለሆነ ከ5 እስከ 6 ኢንች ይደርሳል። ባሌስትራው ራሱ ስላልተነካ የመሸከም ጥንካሬው እንዳለ ነው። ሰዎች የሚወዱት ለዚህ ነው፤ እኔም ጥሩ ሥራ መሆኑን አልክድም።

ነገር ግን አክስሉ 5 ኢንች ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ሻንሲው የሚቀርበውም በ5 ኢንች ነው። ባዶ መኪና በለስላሳ መንገድ ሲሄድ ምንም አይሰማም። ጥቂት ባልዲ ቀለም ተጭኖ በድልድይ መጋጠሚያ ላይ ሲዘል ግን አክስሉ ሻንሲውን በቀጥታ ይመታዋል፤ ብረት ከብረት ጋር ማለት ነው። ስለዚህ ፍሊፕ የሚሠራ ሰው ከአክስሉ በላይ ያለውን የሻንሲ ክፍል በግማሽ ክብ ቅርጽ ቆርጦ በወፍራም የብረት ቅንፍ ማጠናከር አለበት፤ ሲ-ኖች የሚባለው ይህ ነው። ቅንፉ ሲገጠም ከተቆረጠው ቦታ ወዲያና ወዲህ በበቂ ርዝመት ሻንሲውን ማቀፍ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም የሻንሲው ታችኛ ከንፈር ሲቆረጥ በመኪናው ክብደት የሚወጠረው ወይም የሚጨመቀው የብረት ክፍል አብሮ ይወገዳልና ያን ጭነት ቅንፉ መረከብ አለበት።

ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ከመቁረጥ በፊት ያለው ነው። በሻንሲው ውስጠኛ ጎን የነዳጅና የፍሬን መስመሮች፣ የሽቦ ጥቅሎችም ያልፋሉ፤ የነዳጅ ታንኩም በሾፌሩ በኩል ነው። መስመሮቹ ተፈትተው መነሣት፣ ታንኩ መሸፈን ወይም መውረድ፣ የባትሪው ገመድ መነቀል አለበት፤ የእሳት ማጥፊያውም እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። መስመሮቹን በጨርቅ ሸፍኖ በላያቸው ላይ የሚቆርጥ ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ጠያቂው የሚፈልገው ግን 4 ኢንች ብቻ ነው። ለዚህ ፍሊፕ አያስፈልግም፤ ሃንገርና ሻክል በመቀየር ይደረስበታል። ባሌስትራው ከፊት በሃንገር፣ ከኋላ በሻክል ነው ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ስሌት አለ፦ አንዱን ጫፍ ብቻ በ4 ኢንች ብታነሣው አክስሉ በመካከል ስላለ መኪናው የሚወርደው በ2 ኢንች ገደማ ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ጫፍ ብቻ ሲነሣ ባሌስትራው ስለሚያዘነብል አክስሉ በራሱ ዙሪያ ይዞራል፤ የዲፈረንሻሉ አፍንጫም (የሞተሩን ኃይል ከሚያመጣው ዘንግ ጋር የሚገናኘው ጫፍ) አቅጣጫውን ይቀይራል። ሁለቱም ጫፎች እኩል ሲነሡ ግን አክስሉ ሳይዞር ቀጥ ብሎ ይወጣል። የፋብሪካው ሃንገር በብሎን ሳይሆን በሪቬት የተመታ ስለሆነ የሪቬቱን ራስ ፈጭቶ፣ መሃሉን በስቶ ማውጣት ጊዜ ይወስዳል። አዲሱን በጠንካራ ብሎን እሠረው፤ ከሰፈር ሱቅ የተገኘ ማንኛውም ብሎን እዚያ አይገባም።

ቤዛ_ሂውስተን — ሂውስተን፣ ቴክሳስ

የምግብ ማቅረብ ሥራ አለኝ፤ ፍሊፕና ኖች በተሠራለት ሲልቨራዶ ነው ዕቃ የማመላልሰው፣ ስለዚህ ጭነቱን በተመለከተ ከተሞክሮ መናገር እችላለሁ።

ዝቅ ማድረግ የመኪናውን የመጫን አቅም በምንም መንገድ አይጨምርም፤ በበሩ ቅጠል መዝጊያ ላይ የተለጠፈው የክብደት ወሰንም አይለወጥም። የሚለወጠው፣ ወሰኑ ላይ ሳይደረስ ኋላው መቆሚያውን መንካት መቻሉ ነው። ድግስ ያለበት ቀን ድስቶቹ፣ ጠረጴዛዎቹና የውኃው ጀሪካን ሲጫኑ ኋላው ወደ መቆሚያው ይጠጋል፤ ስለዚህ በአክስሉና በሻንሲው መካከል ረዳት የአየር ከረጢት አስገጥሜአለሁ። ባዶ ስሆን አየሩን ቀንሼ፣ ስጭን ጨምሬ እነዳለሁ። ከረጢቱ ቁመቱን ይመልሳል እንጂ ተጨማሪ ጭነት የመጫን ፈቃድ አይሰጥም፤ አክስሉ፣ ጎማውና ፍሬኑ ያው የፋብሪካው ናቸውና።

ወንድሜ ተጎታች እስባለሁ ብለዋል። ኋላው 4 ኢንች ሲወርድ የመጎተቻው ኳስም 4 ኢንች ይወርዳል፤ በፊት ቀጥ ብሎ ይሳብ የነበረው ተጎታች አሁን አፍንጫውን ደፍቶ ይሄዳል። ወደ ታች የታጠፈውን የኳስ መያዣ በቀጥታው ወይም ወደ ላይ በሚያነሣው ይቀይሩት፤ ተጎታቹም በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ማለቱን ያረጋግጡ። በተረፈ ከጎን ሆኖ ዕቃ ማንሣት በእጅጉ እንደሚቀል እመሰክራለሁ፤ ለወገብዎ ያሰቡት ትክክል ነው።

ሶማሌ_ተራ — አዲስ አበባ

ከአገር ቤት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እዚህ ባለፒክአፕ የሚጠይቀን በአብዛኛው ከፍ እንድናደርግለት ነው፤ የኮብልስቶኑ፣ የክረምቱ ጉድጓድና በየሰፈሩ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ዝቅ ያለ መኪና አያስተናግዱም። ሆኖም በአስፋልት ብቻ ለሚነዷቸው አሮጌ ሂሉክሶች ዝቅታ የሚፈልጉ ወጣቶች እየመጡ ነው፤ ስለዚህ ይህን ውይይት በጉጉት እየተከታተልኩ ነው። ለሂሉክስ ባለቤቶች ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው ስለ ብሎክ ነው። በባሌስትራና በአክስል መካከል የሚገባ የብረት ብሎክ ዝቅ ያደርጋል ተብሎ ከውጭ ይላካል፤ የሚሠራው ግን አክስሉ ከባሌስትራው በላይ በተቀመጠበት መኪና ላይ ነው። ባሌስትራው ከላይ፣ አክስሉ ከታች በሆነበት መኪና ላይ ያው ብሎክ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል። አንድ ደንበኛ ዘመዱ ከውጭ የላከለትን ብሎክ ይዞ መጥቶ በባለአራት ጎማ አንቀሳቃሹ ሂሉክስ ላይ እንድንገጥምለት ጠይቆን ነበር፤ መኪናው ሥር አስገብተን አሳየነውና ዕቃውን ሳይጠቀምበት መለሰው። ሻክልም እንዲሁ ነው፤ ከሻንሲው ወደ ታች የተንጠለጠለ ከሆነ ረጅም ሻክል ከፍ ያደርጋል፣ ወደ ላይ የቆመ ከሆነ ረጅሙ ዝቅ ያደርጋል። ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ሥሩ ገብታችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ሁለተኛው ከፍሬን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሕይወትን የሚመለከት ነው። በብዙ ሂሉክሶች ላይ ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲው የተዘረጋ ቀጭን ዘንግ አለ፤ ጫፉ የፍሬን ዘይት ከሚያልፍበት ቫልቭ ጋር የተያያዘ ነው። ሥራው ጭነትን መለካት ነው፦ መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩም ለኋላው ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። መኪናውን ዝቅ ስታደርጉት ሻንሲው ወደ አክስሉ ቀርቦ ይቀራል፤ ቫልቩም ባዶውን መኪና እንደተጫነ ይቆጥረዋል። ውጤቱም በዝናብ ድንገት ፍሬን ሲያዝ የኋላው ጎማ ተቆልፎ መኪናው መዞሩ ነው። ስለዚህ የዘንጉ መያዣ በዝቅታው ልክ መስተካከል አለበት። ይህን ሳይነኩ ቁመት ብቻ ቀይረው የሚያስረክቡ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ጠይቁ፣ ሥር ገብታችሁም አረጋግጡ።

ፊታቸው ቶርሽን ባር (በመጠምዘዝ እንደ ሞላ የሚያገለግል ዘንግ) የሆኑ አሮጌ ሂሉክሶች ማስተካከያ ብሎኑን በማላላት ያለ ምንም ዕቃ ግዢ ይወርዳሉ፤ ቀላልነቱ ግን አያታልላችሁ። መካኒክ_አሌክሳንድሪያ እንዳሉት የጎማው የመንቀሳቀሻ ቦታ ይጠብባል፣ ቴስቲናዎቹም (መጋጠሚያ ኳሶቹ) ያረጁ ከሆኑ በአዲሱ ማዕዘን ቶሎ ያልቃሉ።

ናቲ_አትላንታ — አትላንታ፣ ጆርጂያ

የቫልቩን ነገር በፍጹም አላውቀውም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። በሕጉ በኩልስ? ፖሊስ የሚያስቆመው እስከ ስንት ቢወርድ ነው?

መካኒክ_አሌክሳንድሪያ — አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

በየስቴቱ ይለያያል። በእኛ በቨርጂኒያ መኪና በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ያልፋል፤ ሕጉም አካሉ ወይም ሻንሲው መሬት እንዲነካ፣ የነዳጅ ታንኩ ለግጭት እንዲጋለጥ፣ ጎማውም በተለመደው አነዳድ አካሉን እንዲነካካ አድርጎ መቀየርን ይከለክላል። በቴክሳስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለንግድ ላልሆኑ መኪናዎች የደኅንነት ምርመራው ቀርቷል። የጭስ ምርመራው ግን ዳላስን ጨምሮ በተወሰኑ ካውንቲዎች ቀጥሏል። የደኅንነት ምርመራው መቅረት ኃላፊነቱን ወደ ባለቤቱ አዛወረው እንጂ አላነሣውም፤ እንዲያውም አንድ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ሥሩን ያይ የነበረው መኪና ዛሬ የሚያየው የለም።

ከሕጉ ይልቅ እኔ የምከተለው አንድ የቆየ መመዘኛ አለ፦ ከጎማው በቀር የትኛውም የመኪናው ክፍል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች መውረድ የለበትም። ጎማ ፈንድቶ መኪናው በቸርኬው ቢሄድ ሻንሲው፣ የፍሬን ቱቦው ወይም የመሪው ዘንግ አስፋልቱን አይነካም ማለት ነው። በ2 እና በ4 ኢንች ዝቅታ ይህ ወሰን አይጣስም፤ ቢሆንም ሥራው ሲያልቅ ቀጥ ያለ እንጨት በሁለቱ ቸርኬዎች ሥር አስይዘህ እይ። ለኢንሹራንስ ድርጅትህም አሳውቅ፤ ያልተነገረ ለውጥ አደጋ በደረሰ ጊዜ ክርክር ያስነሣል።

አሁን ስለ አገጣጠሙ ልናገር፤ ጥሩ ዕቃ በመጥፎ አገጣጠም ሲበላሽ ብዙ አይቻለሁ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተይዞ ማንም ሰው ሥሩ አይገባም፤ መደገፊያው በሻንሲው ሥር ይቆማል፣ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎችም በታኮ ይያዛሉ። ስፒንድል ለመቀየር መጋጠሚያ ኳሶቹ ከተፈቱ ሞላው በታችኛው ኮንትሮል አርም ላይ እንደተጨመቀ ስለሆነ አርሙ ከሥሩ በክሪክ መያዝ አለበት፤ ካልተያዘ የተጠራቀመው ኃይል አርሙን ወደ ታች ይወረውረዋል። የፍሬን መያዣው በቱቦው አይንጠልጠል፣ በሽቦ ይታሠር። የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የፍሬን ሥርዓት) ሽቦው በአዲሱ ስፒንድል ላይ መሪው ሙሉ በሙሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር እንደማይወጠር ይታይ።

ኋላው ላይ ደግሞ የባሌስትራው ጎሚኒ (የላስቲክ ማቀፊያ) ብሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ከያዘ በኋላ ነው። በአየር ላይ እንዳለ ከጠበቁ ጎሚኒው በተንጠለጠለበት ማዕዘን ይያዛል፤ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ እንደ ተጠመዘዘ ልብስ ተወጥሮ ይኖራል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ይቀደዳል። ደንበኛው ከመኪናው ሥር የሚሰማው የጩኸት ድምፅ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ብሎኖች ከተፈቱም በአዲስ ይተኩ፤ አንድ ጊዜ ተስበው የጠበቁ ናቸውና ድጋሚ ሲጠብቁ የቀድሞውን መያዝ አይሰጡም። አዲሶቹም በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በመለኪያ ቁልፍ ይጠብቁ፤ ትንሽ ከተነዳም በኋላ እንደገና ይፈተሹ።

በያጅ_አውሮራ — አውሮራ፣ ኮሎራዶ

በዚህ ላይ የፕሮፔለር ሻፍቱን፣ ማለትም ኃይሉን ከካምቢዮው ወደ ኋላ አክስል የሚያደርሰውን ዘንግ ማዕዘን ጨምሩበት። ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ትይዩ መሆን አለባቸው፤ ያን ጊዜ የፊቱ ክሮቼራ (የሚተጣጠፈው የዘንጉ መጋጠሚያ) የሚፈጥረውን የፍጥነት መዋዠቅ የኋላው ክሮቼራ ያጠፋዋል። ማዕዘኖቹ ከተለያዩ በአውራ ጎዳና ፍጥነት ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሰዎችም ጎማ ባላንስ እያስደረጉ ገንዘባቸውን ያባክናሉ። ከሥራው በፊት ሁለቱንም በማዕዘን መለኪያ ለክተህ ጻፍ፣ ከሥራው በኋላ ድገመው። ልዩነት ካለ በባሌስትራውና በአክስሉ መቀመጫ መካከል የሚገባ ሾጣጣ የብረት ሽብልቅ ያስተካክለዋል። ነዳጅ ሲረገጥ ባሌስትራው ስለሚተጣጠፍ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፤ ስለዚህ ቆሞ ሲለካ አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ታች ያዘነበለ ቢሆን እመርጣለሁ።

የጋርላንድ_ልጅ — ጋርላንድ፣ ቴክሳስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሰጣችሁኝ ማብራሪያ መሠረት ለፊቱ ባለ 2 ኢንች ስፒንድል፣ ለኋላው በሁለቱም ጫፎች ሃንገርና ሻክል ለመቀየር ወስኛለሁ፤ ሻንሲ መቁረጥ ለእኔ ሥራ አያስፈልግም፣ በእርሱ ፋንታ አጭር የኋላ መቆሚያና ለዝቅታው የሚስማማ ሾክ እጨምራለሁ። ተጎታች ለምስብባቸው ቀናት ቤዛ የነገሩኝን የአየር ከረጢት አስባለሁ። ጋሼ መካኒክ፣ ሁለት ነገር ብቻ ይቀረኛል፦ አላይመንቱ (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከሉ) ወዲያው ይሠራ ወይስ መኪናው እስኪረጋ ልጠብቅ? የፊት መብራቱስ ይነካል?

መካኒክ_አሌክሳንድሪያ — አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጥሩ ውሳኔ ነው። አዲስ ሞላ ያስገባ ሰው ሞላው እስኪረጋ ትንሽ ነድቶ ቢመለስ ይመከራል፤ አንተ ሞላውን ስለማትነካው ጎማ ሳትጨርስ ወዲያው አሠራው። ስትሄድ ዘወትር የምትይዛቸው መሰላልና ባልዲዎች ተጭነው ይሁኑ፤ መኪናው የሚለካው በሚሠራበት ክብደት ነው። ኋላው ከፊቱ በበለጠ ስለሚወርድ ሻንሲው ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ካስተሩም (ጎማው በመሪ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለው ዘንበል) ከአንድ ዲግሪ ትንሽ ባነሰ መጠን ይጨምራል፤ ለሠራተኛው ይህን ንገረው። ከካምበሩ (የጎማው ወደ ጎን ዘንበል ማለት) ይልቅ ግን ቶውን (ጎማዎቹ ከፊት ተቀራርበው ወይም ተራርቀው መቆማቸውን) በጥንቃቄ እንዲያስተካክል ጠይቀው፤ የጎማን ውስጠኛ ጠርዝ በፍጥነት የሚበላው እርሱ ነው።

መብራቱ በእርግጥ ይነካል፤ ይህን ማንሣትህ አስደስቶኛል። ፊቱ 2፣ ኋላው 4 ኢንች ሲወርድ መኪናው ከቀድሞው አንጻር አፍንጫውን በ2 ኢንች ያነሣል ማለት ነው። የአንተ መኪና በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 143.5 ኢንች ከሆነ መብራቱ በ25 ጫማ ርቀት ላይ ባለ ግድግዳ ከመብራቱ ቁመት አንጻር ወደ 4 ኢንች ገደማ ከፍ ብሎ ያርፋል፤ ከፊት ለሚመጣ ሾፌር ዓይን የሚያሳውር ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ 25 ጫማ ርቀህ ቁም፤ የመብራቱን መሃል ከመሬት ለካና የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከዚያ ቁመት በስንት ኢንች ዝቅ ብሎ እንደሚያርፍ ጻፍ። ሥራው ካለቀ በኋላ መብራቱ ራሱ 2 ኢንች ስለወረደ አዲሱን ቁመት እንደገና ለካ፤ የብርሃኑ ጠርዝ ከአዲሱ ቁመት በዚያው በጻፍከው መጠን ዝቅ እስኪል ድረስ የመብራቱን ማስተካከያ ብሎን አዙር። ነዳጁና ጭነቱ በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ይሁኑ።